መረጃ ሰጪ ቁጥር ሰባት

ባለፈው ሳምንት ልጅቷን ጫማ ስትለካ ነበር የተውናት። ጫማው ጠበባት፤ እሷ ግን ገዛችው። «አምባሳደር ፊት እጅሽን ይዤ እቆማለሁ» ያላት ወንድ እያለ ለእግሯ ጣት የምታዝን ሴት የለችም።

ዘግይታችሁ ለደረሳችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ጠራዥ ናት። ከዩኒቨርሲቲው ዋና በር ፊት ለፊት፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱና በመነጽር ቤቱ መሀል በተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከአባቷ ጋር የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ትጠርዛለች። ክፍሏ ውስጥ አንድ ትልቅ የወረቀት መቁረጫ፣ አንድ የብረት መጫኛ፣ የሙጫ ቆርቆሮዎች፣ የጥቁርና የቀይ ጨርቅ ጥቅሎች አሉ። ከሁሉም በላይ ወንበሯ አለች። ወንበሯ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ነው የተቀመጠችው፤ እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ከዩኒቨርሲቲው የሚወጣውን ሁሉ አንድ በአንድ ያያል። ይህቺን ወንበር ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

ልጁ ደግሞ ተማሪ ነው። የሚማረው ፍልስፍናን፣ ፖለቲካንና ኢኮኖሚክስን ባንድ ዲግሪ ጠቅልሎ የሚሰጠውን ትምህርት ነው። የመንገዱ ባለሱቆች የዚያን ትምህርት ክፍል ተማሪዎች «ሦስት ባንድ» ነው የሚሏቸው፤ እኛም ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘንላቸውም። አቤት የነሱ ነገር! ፍልስፍናቸው ዳቦ በርግጥ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ፖለቲካቸው ዳቦውን ማን ይቁረሰው ብሎ ይከራከራል። ኢኮኖሚክሳቸው ዳቦው ለምን ለሁሉ እንደማይዳረስ በመስመር ሥሎ ያሳያል። ዳቦውን ሄዳ የምትገዛው ግን የቤት ሠራተኛቸው ናት። ስለ ፍትሕ ሲሟገቱ ድምፃቸው እስከ መነጽር ቤቱ ይሰማል፤ ሱቁ በር ላይ ሲደርሱ ግን ሰልፍ ጥሶ የሚገባ እንደነሱ የለም። ስለ ሰው ልጅ ክብር መቶ ሃያ ገጽ ጽፈው ይመጡና ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አድርገውት «ለነገ!» ብለው ይወጣሉ። እንደምን ዋልሽ የለ፣ እባክሽ የለ።

ልጅቷ ስምንት ዓመት ሙሉ ታዝባቸዋለች። አባቷ «እጅሽ መቁረጫው ላይ እያለ አታንብቢ» የሚል አንድ ሕግ አላቸው። የቀኝ አውራ ጣታቸው ግማሹ የቀረው አንድ ቀን ወረቀት እየቆረጡ አንድ መስመር ስቧቸው ሲያነቡ ነው። ስለዚህ ልጅቷ የምታነበው ገጽ ስትቆጥር ነው። ከመጠረዙ በፊት የእያንዳንዱ ቅጂ ገጽ ተራውን መያዙ መታየት አለበትና፣ ያን ጊዜ ዓይኗን ጣል እያደረገች የሦስት ባንዶቹን ጽሑፍ በሙሉ አንብባለች። ማን ከማን እንደገለበጠ ታውቃለች። የትኛው አማካሪ መግቢያውንና መደምደሚያውን ብቻ እንደሚያነብ ታውቃለች። ሽፋኑ አርጅቶ ሊታደስ የሚመለስ ቅጂ ሲመጣ ጀርባውን በጣቷ ጫን ታደርገዋለች፤ ድርቅ ካለባት ከተጠረዘ ጀምሮ አንድ ሰው እንኳ አልከፈተውም ማለት ነው። መቶ ሃያ ገጽ ስለ ሰው ልጅ ክብር፣ ማንም ሳይከፍተው!

እንዲህ ስትንቃቸው የኖረች ልጅ ናት እንግዲህ ከመሀላቸው ላንዱ ልቧን የሰጠችው።

በምን አሸነፋት? በሰላምታ። ሳቁ፣ ግድ የለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሰልፉን ጠበቀ። ተራው ሲደርስ «እንደምን ዋላችሁ» አለ፤ ለአባቷም ጎንበስ አለ። ሌላ ሰው ቢያደርገው ልብ የማይባል ነገር ነው፤ ከሦስት ባንድ ሲመጣ ግን ተአምር መሰላት። ቀና ብላ ስታየው ደግሞ መልኩም ደህና ነው። ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ ሲያፍር ጆሮውን ያሻሻል። አንዳንዷ ሴት በባሰ ነገርም ተሸንፋለችና አንፍረድባት።

በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤው ተጀመረ። ሱቁ ለእያንዳንዱ ሥራ የምትሞላ የትዕዛዝ ወረቀት አለችው፤ የሥራው ዓይነት፣ ብዛቱ፣ የሽፋኑ ቀለም፣ ከታች ደግሞ «ማሳሰቢያ» የሚል ባዶ ሳጥን። ልጁ ሳጥኑ ውስጥ «አትቸኩሉ። ሥራውን ያመጣው ሰው ደጋግሞ መመላለስ ይፈልጋል» ብሎ ጻፈ። እሷም ከሥሩ «ሥራው ዛሬ አልቋል። ባለቤቱ ግን ነገም ቢመጣ አንጠላም» ብላ መለሰችለት። ከዚያ በኋላማ የንግግር ማስታወሻውን፣ የድሮ ፈተናውን፣ አምስት ገጽ የማትሞላ ወረቀት ሁሉ ሊያስጠርዝ ያመጣ ጀመር። አንድ ዓመት ሙሉ ማሳሰቢያ ሲጻጻፉ ከረሙ። እሷ ወረቀቶቹን አንድም ሳትጥል በቀይ ጨርቅ ጠርዛ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

አንድ ቀን ደግሞ የድምፅ መቅጃ ይዞ መጣ። «ለመመረቂያዬ ነው፤ ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅሽ?» አላት። ስለ እጅ ባለሙያዎች ኑሮ ነበር የሚያጠናው። እየሳቀች መለሰችለት፤ ስለ አባቷ ጣት ሳይቀር ነገረችው። በመጨረሻ በሩ ላይ እንደቆመ «በሥራሽ ደስተኛ ነሽ?» ሲላት ከወንበሯ ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን እያየች «እዚህች ወንበር ላይ ስቀመጥ ደስ ይለኛል። ሌላ ቦታ ብቀመጥ እንዲህ ደስ የሚለኝ አይመስለኝም» አለችው። አንዲት ጨዋ ልጅ፣ አባቷ በአምስት እርምጃ ርቀት ሙጫ እያማሰሉ፣ ከዚህ በላይ እንዴት ትበል? ልጁም ዓይን ዓይኗን አያት። ከዚያ መቅጃውን ዘጋ። ገባው ብላ ሳምንቱን ሙሉ ስታንጎራጉር ሰነበተች።

ቃል የገባላት ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ቆሞ የሚከላከልበት ቀን፣ ዲፌንስ የሚሉት፣ ተቆርጦለት ነበር። «ዲፌንሴ ያለቀ ዕለት እናቴ ፊት እጅሽን ይዤ እቆማለሁ። የምወዳት ልጅ ይቺ ናት እላታለሁ» አላት። እናቱ አምባሳደር ነበሩ። ከሥራው ጡረታ ወጥተዋል፤ ከማዕረጉ ግን ገና አልወጡም። ጫማው የተገዛው እንግዲህ ለዚህ ነው። ልጅቷ በጠባብ ጫማዋ ጠባቧን ክፍል ሦስት ጊዜ ዞረቻትና ከደስታዋ ብዛት ፈራች።

* * *

ከዲፌንሱ በፊት ባለው ቀን ጠዋት የልጁ ጽሑፍ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ተባዝቶ መጣ። አምስት ቅጂ፣ ጥቁር ጨርቅ፣ በወርቅ ቀለም የሚጻፍ ርዕስ። ርዕሱ «ክብር፣ ጉልበትና ደስታ» ይላል።

«ይሄን እኔ ነኝ የምሠራው» አለች።

«ማን ከለከለሽ?» አሉ አባቷ፤ ከንፈራቸው ሳቅ እያለ ወደ መቁረጫቸው ዞሩ።

ገጽ ስትቆጥር ሠላሳ አንድ ላይ ዓይኗ ተያዘ። የጥናቱ ዘዴ የሚተረክበት ገጽ ነው። «ተመራማሪው ከመረጃ ሰጪዎች ጋር መተማመን ለመፍጠር ወደ ሥራ ቦታቸው ደጋግሞ ተመላልሷል» ይላል። ደጋግሞ ተመላልሷል። ይህንን አነጋገር የት እንደምታውቀው ለማስታወስ ማሰብ አላስፈለጋትም። «ለወጉ ያህል ነው የጻፈው» አለች ለራሷ። መቁጠሯን ቀጠለች፤ እጇ ግን እንደቅድሙ አልፈጠነም።

ስልሳ አራተኛው ገጽ ደብዝዞ ነበር የወጣው። ደብዛዛ ገጽ ተመልሶ መባዛት ስላለበት ወደ ብርሃኑ አስጠግታ አየችው። ያን ጊዜ አነበበችው።

«መረጃ ሰጪ ቁጥር ሰባት (ሴት፣ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ጠራዥ፣ የትምህርት ደረጃ ዝቅተኛ) ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ ‹እዚህች ወንበር ላይ ስቀመጥ ደስ ይለኛል› ብላለች። በሌላ ቦታ ደስተኛ ልትሆን እንደምትችል ለመገመት እንኳ አልቻለችም። ይህም ለረጅም ጊዜ የተነፈገ ሰው ምኞቱን በተሰጠው ጥቂት ነገር ልክ እንደሚያሳጥር በግልጽ ያሳያል። መረጃ ሰጪዋ ስላለችበት ሁኔታ ያላት ግንዛቤ አነስተኛ ነው። አባቷም አካላቸውን ያጡበትን አደጋ የራሳቸው ጥፋት አድርገው ይቆጥሩታል።»

ቁጭ አለች። የተቀመጠችውም እዚያችው ወንበር ላይ ነበር።

እግዜር ያሳያችሁ። አንዲት ልጅ አፏን ሞልታ «እወድሃለሁ» ለማለት አፍራ፣ ወንበር ጠቅሳ ልቧን አውጥታ ሰጠችው። እሱ ደግሞ ተቀበለና «ግንዛቤ ማነስ» ብሎ መዘገበው! አራት ዓመት ተምሮ፣ ሦስት ትምህርት ባንድ ጭንቅላት ይዞ፣ ፊቱ ተቀምጣ የምታየውን ሴት ማንበብ ያቃተው ሰው ነው ነገ ምሁር ተብሎ የሚጨበጨብለት። እንዲያውስ ይሄ ቀላሉ ነው። ልጅቷን ውስጥ ውስጧን የበላት ሌላ ነበር። ያ ሁሉ መመላለስ ለሷ ነበር ወይስ ለገጽ ሠላሳ አንድ? ያ ሁሉ ማሳሰቢያ ደብዳቤ ነበር ወይስ መተማመን መፍጠሪያ? ይህንን ከማያውቅ ሰው ይልቅ የተከዳ ሰው ዕረፍት አለው።

«ምነው ልጄ? ቆረጠሽ እንዴ?» አሉ አባቷ።

«አልቆረጠኝም አባዬ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ሙጫው ነው። ዓይኔን አቃጠለኝ።»

አባቷ አርባ ዓመት ሙጫ ያማሰሉ ሰው ናቸው፤ ሙጫቸው ዓይን እንደማያቃጥል ያውቃሉ። በብርጭቆ ውኃ አምጥተው አጠገቧ አስቀመጡላት፤ ከእጇ የወደቀችውን ያችን ገጽም አንስተው ጠረጴዛው ላይ መለሱ። ሲመልሷት ዓይናቸው መስመሮቹ ላይ ቆየ።

ገጹን አውጥታ ልትጥለው ትችል ነበር። ዘቅዝቃ ልትሰፋው፣ አምስቱንም ቅጂ ሙጫ ልትደፋባቸው ትችል ነበር። እናንተም እኔም ብንሆን ያንን ነበር የምናደርገው። እሷ ግን ገጽ ስልሳ አራትን ይዛ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄደችና «ይቺን እንደገና፤ ጥቁር ብላ ትውጣልኝ» አለች። እንዲነበብ ፈለገች። ከዚያ ተመልሳ ሰፋች፣ አጣበቀች፣ መጫኛ ውስጥ ከተተች፣ የወርቁን ፊደል አንድም ሳታጣምም አተመች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አሳምራ ጠርዛ አታውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ተዋርዳ አታውቅም።

* * *

በማግስቱ ጠዋት ጫማውን አደረገች። «ሄጄ ከራሱ አፍ ልስማው» ነበር ያለችው። ንቃዋለች፣ ተቀይማዋለች፤ ግን ቃሉን አልረሳችም። ዛሬ እናቱ ፊት እጇን ከያዘ ገጽ ስልሳ አራትን እንደ ጅልነት ትቆጥርለታለች። ካልያዘ ደግሞ ገጽ ሠላሳ አንድ እውነት ነበር ማለት ነው። በዚህ ወስና አምስቱን ጥቁር መጻሕፍት ደረቷ ላይ አቅፋ መንገዱን ተሻገረች።

አዳራሹ በር ላይ «ማንኛውም ሰው መታደም ይችላል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ማንኛውም ሰው ሲሉ እርስ በርሳቸው ማለታቸው ነው። ውስጥ ሦስት ባንዶቹ ክራቫት አስረው ተኮልኩለዋል። የፊተኛው ረድፍ ላይ አምባሳደሯ ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸው ወንበሩን አይነካም፤ የእጅ ቦርሳቸው ደግሞ የራሱ ወንበር ተሰጥቶታል።

ልጁ ሲያያት ጆሮውን አሻሸ። ፈጠን ብሎ መጣና መጻሕፍቱን ከእቅፏ ተቀበላት።

«ማን ናት ይቺ?» አሉ እናቱ።

እንግዲህ ሰዓቱ ይሄ ነበር። ልጅቷ እጇን ከጎኗ ትንሽ ራቅ አደረገችለት፤ መያዝ ቢፈልግ እንዲቀለው።

«መጻሕፍቱን የጠረዘችልኝ ልጅ ናት» አለ ልጁ።

አምባሳደሯ አንዱን አንስተው ጀርባውን ዳሰሱት። «ንጹሕ ሥራ ነው። እጅሽ ይባረክ» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው አልፏት በሩ ላይ ወደቆሙት ፕሮፌሰር ሄደ። የሰው ነገር፤ ሴትየዋ ቢያንስ ሥራዋን አይተዋል።

«ሲያልቅ» አላት ልጁ በሹክሹክታ። «አሁን ሰዓቱ አይደለም። ሲያልቅ፣ እሺ?»

የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ልጁ አርባ ደቂቃ ተናገረ። ገጽ መቁጠር የለመደች ናትና «ክብር» የሚለውን ቃል ቆጠረችበት፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አለው። ድምፁ ያምራል፤ እጁን ሲያነሳና ሲጥል ያምራል። ይህንን ሁሉ ማየቷ ራሷን አናደዳት። ፈታኞቹ ሁለት ሦስት ነገር ጠየቁት፤ መለሰ። በመጨረሻ ሰብሳቢው መነጽራቸውን እያወለቁ «ከታዳሚ ጥያቄ ካለ» አሉ። ይህ ለደንቡ የሚባል ነገር ነው፤ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ሰዉ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር።

እጇን አነሳች።

«ገጽ ስልሳ አራት» አለች ተነሥታ። ድምፅዋ እንዳይንቀጠቀጥ የፊቷን ወንበር ጠርዝ ይዛለች። ፈታኞቹ ገለጡ፤ ጥቁር ብላ የወጣችዋ ገጽ ተገለጠች። «መረጃ ሰጪ ቁጥር ሰባት ‹እዚህች ወንበር ላይ ስቀመጥ ደስ ይለኛል› ስትል፣ ወንበሯ ፊቷን ያዞረችው ወዴት ነበር? ከፊቷስ የቆመው ማን ነበር?»

ከመሀል አንዱ ሳቀ።

«የኔ እህት» አሉ ሰብሳቢው በትዕግሥት፣ «ጥያቄሽ ግልጽ አልሆነልኝም።»

«ለሱ ግልጽ ነው» አለች።

እውነትም ግልጽ ሆነለት። ልጁ አያት፤ ዓይኖቹ ቀስ በቀስ ሲሰፉ ከመጨረሻው ረድፍ ታያቸው ነበር። ወንበሯን አሰበ፤ በሩን አሰበ፤ በሩ ላይ መቅጃ ይዞ የቆመውን ራሱን አሰበ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ፈነጠቀ። ደስታ ነበር፣ እውነተኛ ደስታ፤ እሷም አየችው፤ አላሳሳታትም። ይወዳታል! ያ ሁሉ መመላለስ ለሷ ነበር። ልቧ ዘለለ፤ ሁሉንም ይቅር ልትለው አንድ ትንፋሽ ነበር የቀራት።

ከዚያ ልጁ ዞሮ እናቱን አየ።

ጆሮውን አሻሸ። ጉሮሮውን ጠረገ። «የወንበሩ አቅጣጫ…» አለ፣ «በዚህ ጥናት ወሰን ውስጥ አልተካተተም።»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ሞላ። አንደኛው ፈታኝ «ጥሩ መልስ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አምባሳደሯ ፈገግ አሉ።

«አመሰግናለሁ» አለች ልጅቷ። «መልሱን አግኝቻለሁ።»

ደረጃው ላይ ስትደርስ ጫማውን አውልቃ በእጇ ያዘችው። ከኋላዋ «እጅግ በጣም ጥሩ» እያሉ ውጤቱን ሲያነቡ ሰማች። የተሰማት ኀዘን አልነበረም። ንቀት ነበር፣ ጥርት ያለ ንቀት፤ ከሥሩ ያለውን ነገር ግን ነክታ ለማየት ፈራች።

* * *

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። በሩ ላይ አራት ሰው ተሰልፏል። «ይቅርታ፣ አንዴ አሳልፉኝ» እያለ በመሀላቸው ሾልኮ ገባ። ሰላምታ የለ፣ ለአባቷ ጎንበስ ማለት የለ። በዚያች ቅጽበት ከሌሎቹ ሦስት ባንዶች የሚለየው ነገር አልነበረም፤ እሷም አየችው።

«እናውራ» አለ።

«ሥራ ካለህ ተራህን ጠብቅ።»

«እባክሽ!» የያዘውን የወረቀት ጥራዝ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ይኸው፤ አስተካክዬዋለሁ። የማስተካከያ ጊዜ ሰጥተውኛል። ገጽ ስልሳ አራትን አውጥቼዋለሁ። አሁን አንቺ የለሽበትም።»

«አወጣኸኝ?»

«ሙሉ በሙሉ! ቀድሞም ቢሆን እኮ ስምሽን አልጻፍኩም። አንቺ መሆንሽን ማንም አያውቅም። የጥናት ሥነ ምግባሩ ራሱ…»

«ማንም እንዳያውቅ ነው የፈለግኩት መሰለህ?» አለች። «ጫማ የገዛሁት ማንም እንዳያውቅ ነው?»

ሰልፈኞቹ ጠጋ ጠጋ አሉ። የሰው ነገር ሲሰማ ሰልፍ አያሰለችም።

«አልገባኝም ነበር» አለ ልጁ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «ወንበሯን ስትይ እኔን ማለትሽ እንደሆነ ፈጽሞ አልገባኝም ነበር። እውነቴን ነው። የገባኝ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው።»

«አውቃለሁ። ሲገባህ አይቻለሁ። አለመግባቱንማ ይቅር ብዬህ ነበር፤ ጅል ሰው ይወደዳል፤ ወድጄህ የለ! ከገባህ በኋላ የመለስከውን ግን የት ላድርገው?»

«እናቴ ነበረች እኮ! ፈታኞቹ ነበሩ! አራት ዓመት የለፋሁበት ነገር… ምን ልበል?»

«‹እኔ ነኝ›። ሁለት ቃል ናት። ፊቷ የቆምኩት እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ክብር ብለሃል፤ ቆጥሬልሃለሁ። ከዚያ መሀል ለነዚህ ለሁለቱ ቦታ አጣህላቸው?»

«እወድሻለሁ» አለ ልጁ። ድምፁ ተሰበረ። «እወድሻለሁ፤ ይህንን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። የናቅኩህ ለዚህ ነው። ባትወደኝማ ተሳስቼ ነበር ብዬ፣ አልቅሼ፣ እተወው ነበር። አንተ ግን እየወደድከኝ ነው አልተካተተም ያልከኝ።»

ሦስቱም ትምህርቶቹ አንድ ቃል አላዋሱትም። ይህኔ አባቷ ከመቁረጫው አጠገብ ቀና አሉ። እስካሁን የሰሙ አይመስሉም ነበር።

«ልጄ» አሉት በእርጋታ፣ ግማሿን አውራ ጣታቸውን እያሳዩት። «ይቺን የቆረጥኳት እኔ ነኝ። አንድ ጥሩ መስመር ስቦኝ ሳነብ ነው። እኔ ጥፋቴን ጥፋቴ ነው እላለሁ፤ ሌላ ምክንያት አያስፈልገኝም። የምትጽፍ ከሆነ እንደዚያ ብለህ ጻፍልኝ።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። ልጅቷ መሳቢያዋን ከፈተችና በቀይ ጨርቅ የተጠረዘችውን ትንሽ መጽሐፍ አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ከፈታት፤ የራሱን የእጅ ጽሑፍ አየ፤ ከሥሩ የሷን። የአንድ ዓመት ማሳሰቢያ ነው፣ አንድ ሳይጎድል።

«ጽሑፍህ አባሪ ይጎድለዋል» አለችው። «ይሄ መረጃ ሰጪ ቁጥር ሰባት በጽሑፍ የሰጠችው ነው። እንዳይጠፋብህ።»

ከዚያ የትዕዛዝ ወረቀቷን ሳበችና ሞላች። ሥራ፦ የመመረቂያ ጽሑፍ። ብዛት፦ አምስት። ቀለም፦ ጥቁር። ልጁ እጁን ወደ እስክሪብቶው ዘረጋ፤ ያቺን ባዶ ሳጥን እያየ ነበር። እሷ ቀደመችው። ለማንኛውም ደንበኛ እንደምታደርገው ሳጥኗን ከጥግ እስከ ጥግ በአንድ መስመር ሰረዘቻት።

«ለነገ ይደርሳል» አለች። «ቀጣይ!»

ሰልፈኞቹ መንገድ ለቀቁለት። ቀዩን መጽሐፍ በሁለት እጁ ይዞ ወጣ፤ መንገዱን ሲሻገር ሁለት ጊዜ ወደኋላ ዞሯል። ልጅቷ ከወንበሯ ሆና ሁለቱንም አየች። ለሦስተኛ ጊዜ ይዞር እንደሆነ ስትጠብቅም ራሷን ያዘች።

የመጨረሻው ሰልፈኛ ሲሄድ ተነሣች። ወንበሯን በሁለት እጇ አነሳችና አዞረቻት። ስምንት ዓመት የቆመችበት ቦታ ላይ አራት ነጣ ያሉ ምልክቶች ቀሩ። አሁን ወንበሯ የምታየው የብረት መጫኛውንና ግድግዳውን ነው። ተቀመጠችና መርፌዋ ውስጥ ክር ልታስገባ ሞከረች። ሳተችው። ደገመች፣ ሳተችው።

«ልጄ» አሉ አባቷ፣ «ብርሃኑ እኮ የሚገባው በበሩ በኩል ነው። እንዲህ ተቀምጠሽ እንዴት ታያለሽ?»

እንባዋ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ጠብ አለ። ጨርቁ እንዳይበላሽ ቶሎ ብላ በእጅጌዋ አበሰችው።

«እንዳላይ ነው አባዬ» አለች።